የወፏ ብስኩት

ብርሃነሽ ባዶውን የብስኩት ላስቲክ እንደ መታወቂያ ከፍ አድርጋ ይዛ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር አረፈደች። ላስቲኩ ቀይ ነው፤ መሃሉ ላይ ክንፏን የዘረጋች ቢጫ ወፍ አለችበት፣ ዙሪያውን በዓረብኛ ተጽፎበታል። የአሶሳ ገበያ ባለሱቆች ለምደዋታል፤ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "የለም እማማ፣ የሱዳን ዕቃ ቀረ እኮ!" አንዱ ብቻ አዘነላትና ከመደርደሪያው ሌላ ብስኩት አንስቶ "ይሄ ይሻልዎታል፣ ክሬም አለው" አላት። እንዲህ ለሚል ሰው ከየት ተጀምሮ እንደሚነገር ጨነቃትና አመስግናው አለፈች።

ክሬም! ኦብሴ ክሬም ከነካች እጇን እስኪላጥ ነው የምታሸው።

ኦብሴ የልጅ ልጇ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም፤ ከሰፈሩ ማዶ የሚመጣውን ባጃጅ ግን ከማንም ቀድማ ትሰማና ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ትደፍናለች። የምትናገረው ጥቂት ነው፣ እሱንም የሰማችውን መልሳ ነው። "ውሃ ትፈልጊያለሽ?" ስትባል "ውሃ ትፈልጊያለሽ" ካለች ፈልጋለች ማለት ነው፤ ዝም ካለች አልፈለገችም። ብርሃነሽ ይህን እስክትለይ ድረስ ስንቴ አብራ አልቅሳለች። ሐኪሞች ኦቲዝም ነው ብለዋል። ብርሃነሽ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ሴት ናት፤ ቃሉን ጽፊው ብትባል አትሳሳትም። "አእምሮዋ ነገሮችን የሚቀበልበት መንገድ ከእኛ ይለያል" ሲሏትም ራሷን ነቅንቃ ሰምታለች። ቤት ሲገቡ ግን ልጇን፣ የኦብሴን እናት ቃናኒን፣ "ታዲያ መቼ ነው የሚለቃት?" ብላ ጠየቀቻት።

ነገሩ የምግብ ነው። ቀድሞ ኦብሴ ድንች ትበላ ነበር፣ ማንጎም ትወድ ነበር። ድንቹ አንድ ቀን አረረና ተወችው። የማንጎው ክር ጥርሷ መሃል ገባና እሱንም ተወችው። እንዲህ አንድ አንዱን ስትተው ስትተው የቀሩላት የወፏ ብስኩትና በሰማያዊ ኩባያ የሚቀዳላት ወተት ብቻ ሆኑ። ቃናኒ የሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ አስተማሪ ናት፤ ብስኩቱን ከድንበሩ ገበያ በካርቶን እየገዛች በሚመጣ መኪና ትልክላቸው ነበር። አባትየው "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ብሎ ወደ ነቀምት ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ልጅቷም ሐኪም ይቅረባት ተብሎ አሶሳ አያቷ ዘንድ ቀረች።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲብስ ካርቶኑ ይዘገይ ጀመር። ቀጥሎ ጭራሽ ቀረ።

"አዮ፣ ያልጠየቅኩት ነጋዴ የለም" አለች ቃናኒ እናቷን በስልክ፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። "በዚያ በኩል የሚሻገር መኪና የለም ነው የሚሉኝ። ያለውን ቆጥቢ።"

"ምን ልቆጥብ? ልጅ እኮ ናት፣ ሳሙና አይደለችም!"

"አዮ… ይሰማሻል? አዮ?" መስመሩ ተቋረጠ።

ከገበያው ስትመለስ ሰዕዲያ እንደ ልማዷ በልጇ ስም ጠራቻት። ሰዕዲያ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ለውዝ በትንንሽ ላስቲክ እያሸገች ትሸጣለች።

"ኡም ቃናኒ! ነይ፣ ቁጭ በይ። ፊትሽ ቀማኛ ያገኘው ሰው መሰለ።"

"የልጅቷ ነገር ነዋ። ብስኩቱ ሊያልቅ ነው፤ ምን ይዋጠኝ?"

ሰዕዲያ መልስ ሳትሰጥ አንድ ላስቲክ ለውዝ ሞላች፣ አፉን አጠፈችና በምላጭና በቆርቆሮ መሃል አድርጋ በሻማው ነበልባል ላይ ሳብ አደረገችው። ላስቲኩ ቀለጠና ተጣበቀ። ፋብሪካ የሠራው ነው የሚመስለው። ብርሃነሽ ይህን ከዚህ በፊት ስንቴ አይታዋለች፤ የዛሬው ግን ዓይኗን ያዘው። ሰዕዲያም ዓይኗ የት እንዳረፈ አየች።

"ባዶ ላስቲክ አለሽ? ያ ወፍ ያለው?"

"ሞልቶ። ኦብሴ አታስጥልም፣ እየደረደረች ታስቀምጣለች።"

"ታዲያ! ብስኩት ከዚህ ሱቅ፣ ላስቲክ ከሱዳን፣ ሻማ ከእኔ። ኻላስ፣ አለቀ!"

"ብታውቅብኝስ?"

"እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል? ወፉ ያው ወፍ ነው።" ሰዕዲያ አማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የምትለው።

"በስተርጅናዬ ኮንትሮባንዲስት ልታደርጊኝ!"

"አትፍሪ፣ ጉምሩክ አሮጊት አይፈትሽም" አለች ሰዕዲያ፤ ሁለቱም ሳቁ። ብርሃነሽ ከሳቀች ከርማ ስለነበር ሳቁ ራሱ ተስፋ መሰላት።

ሙሉ በሙሉ ሌላ ብስኩት ማሸግ ግን አላስቻላትም። ከቀረው እውነተኛ ብስኩት የተወሰነ እሽግ ከፈተችና መልኩ የሚመስለውን የአገር ውስጥ ብስኩት እየመረጠች መሃል መሃሉን ቀላቀለችው። ጤፍ ሲወደድ ማሽላ እየቀላቀለች አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። መጀመሪያ ትንሽ፣ ልጆቹ ሲለምዱ ጨመር፣ ማንም ሳያጉረመርም ክረምቱ ያልፋል። ይህንንም እንደዚያው ነው ያየችው። እንዲያውም በልቧ "እስከዛሬ እንዴት አልታየኝም?" አለች። ሰዕዲያ እያሸገች ሰጠቻት፤ ብርሃነሽ አገላብጣ አየችው። እሷ ራሷ የቱ የተነካ የቱ ያልተነካ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ኦብሴ ቦታዋ ከበሩ ጀርባ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ። ላስቲኩን ቀደደች። አንድ ብስኩት አወጣችና ጆሮዋ ሥር አድርጋ ሰበረችው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ቀጭ ሲል ታዳምጣለች፣ ከዚያ ትበላለች። የመጀመሪያው እውነተኛው ነበር። በላችው። ብርሃነሽ ጓዳው በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

ሁለተኛውን ሰበረችው። ለብርሃነሽ ያው ቀጭ ነው። ኦብሴ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። ስባሪውን አሸተተችው። ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ሦስተኛውን አወጣች፤ እሱ እውነተኛው ነበር፣ ብርሃነሽ አደራደሩን ታውቀዋለች። "እሱን ብዪ፣ የኔ እናት፣ እሱ ያንቺው ነው" አለች በሹክሹክታ። ኦብሴ ሰበረችው፣ አዳመጠችው፣ እንደገና አዳመጠችውና እሱንም ከሌላው ጎን አኖረችው። ከዚያ የቀሩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣች ሳትሰብር ደረደረቻቸው። ስትጨርስ ተነስታ ከአልጋው ሥር ያጠራቀመቻቸውን ቀያይ ላስቲኮች በሙሉ አቅፋ አመጣችና በሩን ከፍታ ደጅ ላይ በተነቻቸው። ነፋሱ እያንከባለለ ወደ ሰዕዲያ አጥር ወሰዳቸው።

አላለቀሰችም። ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠችና መወዛወዝ ጀመረች። ብርሃነሽ ያልተነካ እሽግ፣ ሻማ ያላየ፣ ከካርቶኑ የወጣ አምጥታ ፊቷ ብታኖርላት በእግሯ ገፋችው።

ከዚያ በኋላ ወተት ብቻ ሆነ።

የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ኦቦ ሂርጳ መጥቶ ጸለየላት። ደግ ሰው ነው፤ ልጅቷ ጆሮዋን ስትይዝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጸለየው። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆመና "ብርሃነሽ፣ እጅሽ ለስላሳ ሆኖ ነው" አላት። "ስድስት የልጅ ልጆች አሉኝ። ያኮረፈ አለ፣ የተቆጣ አለ፤ ርቦት ያልበላ ግን አላየሁም። ፊቷ አታስቀምጪ፣ አትለማመጫት። ይራባት።"

ሞከረችው። ሳህኑን ከዓይኗ አራቀች፣ መለመኑን ተወች። ኦብሴ ግን የራባት አትመስልም። እየቀለለች ሄደች እንጂ ወደ ጓዳ ዞር ብላ አላየችም። የቀሚሷ ትከሻ ሾለከ፣ የጉልበቷ አጥንት ወጣ። ብርሃነሽ ስታለብሳት ጎኗን በመዳፏ ዳሰሰችና እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለሰችው። ጎረቤት ለጠየቃት ሁሉ "ወተት ትጠጣለች፣ ወተት ምግብ ነው" ትላለች። ደጋግማ ስለተናገረችው ራሷም ልታምነው ትዳዳለች። ወተቱም ግን እየጎደለ ሳይሆን እየተረፈ ይመለስ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ኩባያው እንደተቀዳ ቀዝቅዞ ሲመለስ ብርሃነሽ አንድ ነገር ትዝ አላት። መጋት። እናቷ ያሳደገቻት በመጋት ነው፤ እሷም ልጆቿን በሙሉ ግታ ነው ያሳደገችው፣ ቃናኒንም ጭምር። ልጁን ጭን ላይ ታስተኚዋለሽ፣ ክንዱን በብብትሽ ትይዣለሽ፣ መዳፍሽን እንደ ጽዋ አፉ ላይ ታደርጊና ትቀጂበታለሽ። ይጮሃል፣ ይፈራገጣል፣ ይውጣል። ማታ ጉንጩ ሞልቶ ይተኛል። በመጋት የሞተ አታውቅም፣ ያደገ ነው የምታውቀው።

ኦብሴ ቀልላለች፤ ጭኗ ላይ ለማስተኛት ጉልበት አልፈጀባትም። ይህ ራሱ አስፈራት። "ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ፣ የኔ ማር" እያለች መዳፏን አፏ ላይ አደረገችና ወተቱን ቀዳችበት።

ልጅቷ የጮኸችውን ጩኸት ብርሃነሽ ከዚህ በፊት አልሰማችውም። ሰዕዲያ በባዶ እግሯ አጥሩን ዞራ እየሮጠች መጣች። ስትደርስ ብርሃነሽ የተነከሰ እጇን በነጠላዋ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ወተቱ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ኦብሴ አልጋው ሥር ጥጉ ድረስ ገብታ ታስላለች። ከአልጋው ሥር "ትንሽ ብቻ ትንሽ ብቻ ትንሽ ብቻ" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ያያቷ ቃል፣ ባያቷ ድምፅ።

"ብርሃነሽ" አለች ሰዕዲያ። ከተዋወቁ ጀምሮ በስሟ ጠርታት አታውቅም። "ምን አደረግሽ?"

"ጋትኳት።"

 ሰዕዲያ ቁራጭ ጨርቅ ፈልጋ ግድግዳውን ትጠርግ ጀመር።

ሰማያዊው ኩባያ ከዚያ ወዲያ ወደ ኦብሴ ሊቀርብ አልቻለም፤ ገና ሲታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ውሃ ግን ከቧንቧው በእጇ እየቀዳች፣ ማንም ሳይጠጋት፣ ጉንጭ ጉንጭ ትላለች። ብርሃነሽ ስልኩን ይዛ ግቢው ዳር፣ ኔትወርክ አለ የሚባልበት ድንጋይ ላይ ቆማ ቃናኒን እስክታገኝ ደወለች። ስታገኛት ደግሞ "ነይ" ከማለት በቀር ሌላው ቃል አልወጣ አላት።

ቃናኒ በማግስቱ ከሰዓት ደረሰች። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሁሉም የኩርሙክ መንገድ አቧራ ነው። በብብቷ ካርቶን ይዛለች።

"አገኘሁ!" አለች ገና ከበሩ። "አዮ፣ አገኘሁ! አንድ ነጋዴ መጋዘኑ ጥግ ረስቶት። ራሱ ነው፣ ወፏ ናት፣ እዪው!"

ብርሃነሽ ካርቶኑን አየችና መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቃናኒ ደስታ ይዟት አላስተዋለችም። ልጅቷ ፊት ተንበረከከችና እሽጉን አኖረችላት። ኦብሴ አላየችውም። ቃናኒ ቀደደችና በጆሮዋ አጠገብ፣ እንደምትወደው፣ ቀጭ አደረገችላት። ኦብሴ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ ሰበረች። ሌላ። ወለሉ በፍርፋሪ ተሞላ።

"ራሱ እኮ ነው" አለች ቃናኒ፤ አሁን ድምፅዋ ቀጥኗል። "ኦብሴኮ፣ ያንቺው ነው። ለምንድን ነው…" ዞር ብላ እናቷን አየች፣ የተጠቀለለ እጇንም አየች። "አዮ፣ ምን አድርገሻት ነው?"

ብርሃነሽ ነገረቻት። ሻማውን ነገረቻት፣ መቀላቀሉን ነገረቻት፣ መጋቱን ነገረቻት። እያንዳንዱን ስትናገር ምክንያቱን ልትጨምርበት ትፈልግ ነበር፤ እንድትቆይልሽ ብዬ፣ እንዳትራብብኝ ብዬ፣ አንቺንም ያሳደግኩት እንዲሁ ነው ብዬ። ቃናኒ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ያረጀችውን እናቷን አየች፣ የከሳችውን ልጇን አየች፣ አፏን መልሳ ገጠመች። ፍርፋሪውን በመዳፏ ትሰበስብ ጀመር።

"ኩርሙክ ሆኜ እኔስ ምን አደረግኩላት" አለች ወደ ወለሉ።

ብትጮህባት ለብርሃነሽ ይቀላት ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ሐኒ ትባላለች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ልጅቷን ለመመርመር አልቸኮለችም፤ የማዳመጫውን ብረት በመዳፏ አሙቃ፣ ኦብሴ እንድትነካው ሰጥታ፣ ቆይታ ነው ደረቷ ላይ ያደረገችው። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው።

"ሰውነቷ በጣም ተዳክሟል። ዛሬውኑ ምግብ መግባት አለበት።"

"ዶክተር" አለች ብርሃነሽ፣ "እልህ ነው የያዛት? በእኔ አኩርፋ ነው?"

"አይደለም እማማ። እልኸኛ ልጅ ሲርበው እልሁን ይተዋል። እንደ ኦብሴ ያሉት አንዳንዶቹ ረሃቡን እኛ እንደምንሰማው አይሰሙትም። ቢሰሙትም ፍርሃቱ ይበልጥባቸዋል።"

"ብስኩት ምኑ ያስፈራል?"

"ለእርስዎ ብስኩት ብስኩት ነው። ለእሷ ድምፁም፣ ሽታውም፣ አፏ ውስጥ የሚሟሟበትም ነገር አንድ ላይ ነው። ትንሽ ሲለወጥ እኛ አናውቀውም፣ እሷ ላይ ግን ይጮኽባታል። ዓለም ሁሉ እንደዚያ እየጮኸባት፣ ያቺ ብስኩት ብቻ ናት አንድም ቀን ተለውጣባት የማታውቀው።"

"እኔ ለወጥኩባት።"

"ሳያውቁ ነው ያደረጉት።"

"ሳላውቅ ማድረጌ ሆዷን ይሞላል?"

 ቃናኒ "አሁን ምን ይሻላል?" አለች።

"ለጊዜው በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ወተት በትንሽ በትንሹ እንሰጣታለን። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። መብላትን እንደገና ቀስ ብሎ የሚያለማምድ ባለሙያ ያስፈልጋታል። እዚህ የለንም። አዲስ አበባ እጽፍላችኋለሁ፤ ወረፋው ረጅም እንደሆነ ግን ልደብቃችሁ አልችልም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል? ተመልሳ እስክትበላ?"

"አላውቅም፣ እማማ። እውነቱን ነው የምነግርዎት።"

ነርሷ ቱቦውን ይዛ መጣች። ብርሃነሽ ቀጭን ሲባል ክር የሚያህል መስሏት ነበር፤ ከክር ይወፍራል። "አንድ ሰው እጇን ይያዝልኝ፣ አንድ ሰው ደግሞ ጭንቅላቷን" አለች ነርሷ። "የምታውቀው ሰው ቢሆን ይሻላል።"

ቃናኒ እጆቿን ያዘች። ጭንቅላቷ ለብርሃነሽ ቀረ። ብርሃነሽ እግሯ ወደ ኋላ አለ። "እኔ አይደለሁም የምይዛት። ሌላ ሰው ይያዛት። እኔን አሁን…" ዙሪያዋን አየች፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ቀርባ የልጅቷን ጭንቅላት በሁለት መዳፏ መሃል አደረገችው። ያንኑ አያያዝ፣ በዚያው እጅ። ኦብሴ የማን እጅ እንደሆነ ሳታይ አወቀችና ገና ቱቦው ሳይነካት መንቀጥቀጥ ጀመረች።

"ዋጪ፣ ጎበዝ፣ ዋጪ፣ አሁን ያልቃል" አለች ነርሷ።

"አሁን ያልቃል!" ጮኸች ኦብሴ። "አሁን ያልቃል! አሁን ያልቃል!" ነርሷ ልጅቷ የሰማችውን የምትደግም መሰላት። ብርሃነሽ ግን ታውቃለች፤ "ውሃ ትፈልጊያለሽ" ሲባል እንደሆነው ነው፤ ልጅቷ እየለመነች ነው። እያወቀች፣ እየሰማች፣ መዳፏን አላላላችም። ቢላላ ቱቦው ሌላ ቦታ እንደሚገባ ነግረዋታል። ከንፈሯ ላይ የራሷ እንባ ሲደርስ በምላሷ ላሰችው፣ ለመጥረግ እንኳ እጇን ማንሳት አይቻልም።

ሲያልቅ ቱቦውን ጉንጯ ላይ በፕላስተር ለጠፉት፤ እንዳትነቅለውም እጆቿን በፋሻ ጠቀለሏቸው። ኦብሴ ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። ብርሃነሽ ወደዚያ በኩል ብትዞር ወደዚህ ታዞራለች። ስለዚህ ብርሃነሽ ከአልጋው ራስጌ፣ ልጅቷ በማታያት በኩል ሆነች።

ወተቱ በመርፌ አልባ ስሪንጅ መጣ። "ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው" አለች ነርሷ፤ "መግፋት የለም፣ በራሱ ይወርዳል።" ቃናኒ የኦብሴን እጆች ለመያዝ ብላ ስሪንጁን ለእናቷ ሰጠቻት። ብርሃነሽ ክንዷን ቀና አድርጋ ያዘችው። ነጩ ወተት በቱቦው ውስጥ እየተሳበ ሄደ፤ በልጅቷ ግንባር አጠገብ አለፈ፣ በአፍንጫዋ ገባ። የኦብሴ አፍ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ጉንጯ አልተንቀሳቀሰም፣ ጉሮሮዋ አልዋጠም። እየበላች እንደሆነም አላወቀችም ይሆናል።

ብርሃነሽ ልጆች ስታጎርስ የነበራት ልማድ ሆኖ፣ ሳይታወቃት የራሷን አፍ ከፍታ ነበር። ስሪንጁ ባዶ እስኪሆን ድረስ ከፍታው ቆየች።

"ትንሽ ቆይተን ደግሞ እንሰጣታለን" አለች ነርሷ።

"እሺ" አለች ብርሃነሽ፤ ክንዷን ግን ለማውረድ ፈራች።